የአንባቢ ጥያቄ፦ «ስፓኒሽ በሚወራበት አገር የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ማን ያነባል?»

ባለፈው እትም ስለ ሳንሱር ለተጠየቅሁት ስመልስ አንዲት ነገር ጣል አድርጌ አልፌ ነበር። አርጀንቲና ውስጥ ወታደሮቹ ሰው እያፈኑ ሲሰውሩ፣ አብዛኞቹ የስፓኒሽ ጋዜጦች አፋቸውን ሲይዙ፣ የጠፉትን ሰዎች ስም ያወጣ የነበረው «ቦነስ አይረስ ሄራልድ» የሚባል ትንሽ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ነው ብዬ። ለምሳሌ ያህል ነበር ያነሳሁት። እናንተ ግን ዋናውን ትታችሁ ምሳሌዋን ይዛችሁ መጣችሁ። ደብዳቤው፣ ቴሌግራሙ፣ ኢሜይሉ ሁሉ ስለ ሄራልድ ሆነ። እንግዲህ ዛሬ ገጹ የእሱ ነው። ቀኖቹና ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እላለሁ።

ጋዜጠኝነት የምማር ልጅ ነኝ። ሕዝቡ ስፓኒሽ እያወራ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ምን ይሠራል? ማን ጀመረው? ማንስ ይገዛዋል? (ከባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከሥጋና ከባቡር ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አርጀንቲና ሰፊ ሜዳና ቁጥር ስፍር የሌለው ከብት ነበራት፣ ገንዘብ ግን አልነበራትም። ገንዘቡን ይዘው የመጡት እንግሊዞች ናቸው። ሐዲድ ዘረጉ፣ ባንክ ከፈቱ፣ የሥጋ ፋብሪካ አቆሙ፣ በግና ከብት የሚያረቡበት መሬት ገዙ። የባቡር ኩባንያዎቹ እስከ 1948 የእንግሊዝ ንብረት ነበሩ፤ ያኔ ነው የፕሬዚዳንት ፔሮን መንግሥት የወረሳቸው፣ ያውም ከፍሎ። ኳሱንም ያመጡት እነሱ ናቸው። ማራዶናን ያወጣች አገር ኳስ የተማረችው ከብሪታኒያ መምህራንና ከባቡር ሠራተኞች ነው ስልህ አትመን ይሆናል፣ ግን እውነት ነው። የለንደኑ ትልቅ ሱቅ ሃሮድስ እንኳ በ1914 ባሕር ተሻግሮ ቅርንጫፍ የከፈተው እዚያው ቦነስ አይረስ ነበር።

እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሆስፒታልና የክሪኬት ሜዳ ነበራቸው። ጋዜጣም አማራቸው። መጀመሪያ በ1861 ሁለት የአየርላንድ ወንድማማቾች፣ ማልሆል የሚባሉ፣ «ዘ ስታንዳርድ»ን ጀመሩ። ከዚያ መስከረም 15 ቀን 1876 ዊሊያም ካትካርት የሚባል ስኮትላንዳዊ ስደተኛ ሄራልድን አወጣ።

ጋዜጣ ስልህ ግን ዛሬ የምታውቀውን እንዳታስብ። አንዲት ወረቀት ናት። ፊቷ ማስታወቂያ፣ ጀርባዋ በአብዛኛው የመርከብ ወሬ። የትኛው መርከብ ገባ፣ የትኛው ወጣ፣ ምን ጫነ። እንዳትስቅ ታዲያ። ዕቃም፣ ደብዳቤም፣ የአጎት ልጅም የሚመጣው በመርከብ ነው፤ ከሊቨርፑል የተላከለትን ማሽን የሚጠብቅ ነጋዴ ለርዕሰ አንቀጽ ምን ቸገረው? እኛስ ጋር አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ቀጥታ ወደ ሥራ ማስታወቂያው ገጽ የሚገለብጠው ወጣት ስንት ነው? የፊት ገጹን ዜና ማን ዞር ብሎ ያየዋል! ካትካርትም ያንን ሰው ነበር ያሰበው።

ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ ሎው ለሚባል አሜሪካዊ ተሸጠና ዕለታዊ ሆነ። በ1925 ሩጄሮኒ የሚባሉ ቤተሰቦች እጅ ገባ። ተቀናቃኙ ስታንዳርድ በ1959 ሲዘጋ ሄራልድ ብቻውን ቀረ። በ1968 ደግሞ አሜሪካ፣ ደቡብ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ከተማ ያለ የጋዜጣ ኩባንያ ድርሻ ገዛበት። ይቺን የቻርልስተን ነገር ያዝልኝ፣ ቆይታ ትጠቅመናለች።

እውነቱን ልንገርህ፣ እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪኩ ብዙም አያስደንቅም። የሱፍና የከብት ዋጋ፣ ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ ክሪኬቱን ማን አሸነፈ። የሰፈር ጋዜጣ ነው፤ ሰፈሩ ሀብታም ሆኖ ነው እንጂ። እዚያ ላይ ቢዘጋ ኖሮ ዛሬ አንተም አትጠይቀኝም፣ እኔም አልመልስልህም።

የስፓኒሽ ጋዜጠኞች እየተገደሉ እነዚህ እንዴት ተረፉ? አንድ ነገር ቢኖራቸው ነው እንጂ! (ስሜ ይቅር፣ ከአዲስ አበባ)

ጥርጣሬህ ደስ ይላል። ነበራቸው። ግን መጀመሪያ ዘመኑን እንይ።

ወታደሮቹ ሥልጣን የያዙት መጋቢት 24 ቀን 1976 ነው። መሪያቸው ጄኔራል ሆርሄ ቪዴላ፣ ቀጭን፣ ባለ ሪዝ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሰው። ዘዴያቸው እንደ ሌላው አምባገነን ሰውን አስሮ ፍርድ ቤት አቁሞ ማስፈረድ አልነበረም። ሌሊት ታርጋ በሌለው ፎርድ ፋልከን መኪና ይመጣሉ፣ ሰውየውን ይወስዳሉ፣ በቃ። ቤተሰብ ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ «እኛ ጋ የለም»። ጦር ሰፈር ሲሄድ «አናውቀውም»። እስረኛ ቢሆን ስንቅ ታቀብለዋለህ፣ ቢሞት ታለቅሳለህ። ይሄ ግን ሁለቱም አይደለም። ለዚህ ነው «የጠፉት» የሚል ስም የወጣላቸው። መንግሥት ሲለወጥ የተቋቋመው ኮሚሽን በ1984 መዝግቦ ያወጣው 8,961 ሰው ነው፤ የመብት ድርጅቶች 30,000 ይላሉ።

ጋዜጦቹ ለምን ዝም አሉ? ሥልጣን በያዙ በወሩ፣ ሚያዝያ 22 ቀን፣ ለጋዜጦች ትእዛዝ ወጣ። ስለ ተገኘ አስከሬን፣ ስለ ተገደለና ስለ ጠፋ ሰው ከበላይ ባለሥልጣን ካልተነገረ በቀር መጻፍ ክልክል ነው ይላል። የሚገርመው የወረቀቱ ነገር ነው። ማኅተም የለውም፣ ፊርማ የለውም፣ የመሥሪያ ቤት ስም የለውም። ባዶ ወረቀት ላይ የተተየበ ነገር። የሄራልዱ ጋዜጠኛ አንድሩ ግራም-ዩል ቤተ መንግሥት ሄዶ ነበር የተቀበለው። ነገ «ማን አዘዘ?» ቢባል እኔ ነኝ የሚል እንዳይኖር ነው እንግዲህ። ያንን ትእዛዝ የጣሰ ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ሁሉም አየ። ጸሐፊው ሮዶልፎ ዋልሽ ሥልጣን በያዙ በዓመታቸው ለወታደሮቹ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፣ በማግስቱ መንገድ ላይ ተተኮሰበት። የ«ላ ኦፒኒዮን» ጋዜጣ ባለቤት ሃኮቦ ቲመርማን በሚያዝያ 1977 ታፍኖ በኤሌክትሪክ ተገረፈ። ስለዚህ ዝም ባለው ጋዜጠኛ ላይ ዛሬ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ጣቴን መቀሰር ይከብደኛል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሄራልድን የረዳው አንደኛው ነገር ያው ሰዎች የሚንቁበት ነገር ነው፤ አንባቢው ጥቂት ነው፣ ቋንቋውም የሰፊው ሕዝብ አይደለም። ጄኔራሎቹ «እነዚህ ሻይ ጠጪዎች ቢጽፉ ማን ያነባቸዋል» ብለው ሳይሆን አይቀርም። ግን ሻይ ጠጪዎቹ እነማን ናቸው? ኤምባሲዎቹ፣ የውጭ ባንኮቹ፣ የኒውዮርክና የለንደን ጋዜጦች ወኪሎች። ማታ የታተመችው ዜና ጠዋት ላይ በኤምባሲ ወረቀት ተጠቅልላ ዋሽንግተን ትገባለች። ባለድርሻው ደግሞ ያ ያዝልኝ ያልኩት የቻርልስተን ኩባንያ ነው። የአሜሪካ ንብረት የሆነን ጋዜጣ በር ሰብሮ መግባት ሌላ ጣጣ አለው። በዚያ ላይ አርጀንቲና የ1978ቱን የዓለም ዋንጫ ልታዘጋጅ ሽር ጉድ እያለች ነው። ለውጭ እንግዳ «ይኸው ነጻ ጋዜጣ አለን» ብለው የሚያሳዩት አንድ ነገር ቢኖራቸው አይጠሉም። ስለዚህ ሄራልድ ሳይፈልግ ጌጥም ሆኖላቸዋል ማለት ይቻላል። ይሄ ደስ የማይል ጎኑ ነው፤ ግን እዚያች ቀዳዳ ውስጥ ነው ሥራው የተሠራው።

ደግሞ እንግሊዝኛ ብቻ አልነበረም። ርዕሰ አንቀጹ በስፓኒሽ ተተርጉሞ ጎኑ ላይ ይወጣ ነበር። እንግሊዝኛ የማይችለው የቦነስ አይረስ ሰው ጋዜጣውን የሚገዛው ለዚያች ዓምድ ነው።

ዋና አዘጋጁ ሮበርት ኮክስ ይባላል። እንግሊዝ ተወልዶ በ1959 በሃያ ምናምን ዓመቱ ሥራ ፍለጋ የመጣ፣ በ1968 ዋና አዘጋጅ የሆነ። እናቶቹ ወደ እሱ መምጣት የጀመሩት ሌላው በር ሁሉ ሲዘጋባቸው ነው። አሶፓርዶ መንገድ ላይ ያለው ቢሮ ይመጣሉ፣ ልጄ ተወሰደ ይላሉ። እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቁም። ኮክስ ምን ይላቸዋል? መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ አቤቱታ አስገቡ፣ ያስገባችሁበትን ወረቀት አምጡልኝ። ሴትየዋ ሄዳ ታስገባለች። ዳኛው እንደማይረዳት ታውቃለች፤ ኮክስም ያውቃል። ግን አሁን ወረቀት አለ። ጋዜጣው ሲያወጣው «እከሌ ታፈነ» ብሎ አይደለም፤ እከሌ የሚባል ሰው ያለበት እንዲገለጽ ለፍርድ ቤት አቤቱታ ቀረበ ይላል። የፍርድ ቤት ዜና ነዋ! ስሙ ወጣ፣ ቀኑ ወጣ፣ ትእዛዙም አልተጣሰም። የእኛ ሊቃውንት ሰምና ወርቅ የሚሉት ዓይነት ነገር ነው፤ ሰሙ የፍርድ ቤት ዜና፣ ወርቁ «ይሄን ሰው እንደወሰዳችሁት እናውቃለን»።

ይጠቅም ነበር ወይ? ኮክስ በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው ስሙ ቶሎ ከወጣ አንዳንዱ ሰው በሕይወት ይመለስ ነበር። ብዙዎቹ አልተመለሱም።

በዚያው በ1977፣ ሚያዝያ 30 ቀን፣ 14 እናቶች ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ካለው ፕላዛ ዴ ማዮ አደባባይ ወጡ። ፖሊስ «ተሰብስቦ መቆም ክልክል ነው፣ ተንቀሳቀሱ» አላቸው። እሺ ብለው ተንቀሳቀሱ፤ ሁለት ሁለት ሆነው በክንድ ተያይዘው አደባባዩን ይዞሩት ጀመር። በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ቋሚ ሆነ። ነጭ ሻሻቸውን ታውቁት ይሆናል። መጀመሪያ ሻሽ አልነበረም። ወደ ሉሃን ማርያም በእግር ሲሳለሙ በሕዝብ መሃል እንዲተዋወቁ ብለው ያሰሩት የሕፃን ሽንት ጨርቅ ነው፤ የልጆቻቸውን አስቀምጠውት ኖሮ። ሌላው ጋዜጠኛ «እብዶቹ» እያለ ሲያልፋቸው ኮክስ አደባባይ ድረስ ሄዶ አነጋገራቸው። ከመሪዎቻቸው አንዷ አሱሴና ቪሻፍሎር ታኅሣሥ 10 ቀን 1977 ታፈነች። በዚያችው ቀን እናቶቹ ገንዘብ አዋጥተው የጠፉትን ስም በማስታወቂያ መልክ «ላ ናሲዮን» ጋዜጣ ላይ አውጥተው ነበር። አስከሬኗ ተለይቶ የታወቀው በ2005 ነው።

እና «ተረፉ» ያልከው ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። ግራም-ዩል በ1976 ሕይወቱን ይዞ ለንደን ገባ። ኮክስ ራሱ በ1977 ለአንድ ቀን ታሰረ፤ በታሰረበት የፖሊስ ግቢ ግድግዳ ላይ ትልቅ የናዚ መስቀል ተስሎ እንዳየ ተናግሯል። ለራሱ የሚመጣውን ዛቻ ችሎት ነበር። በ1979 ግን ደብዳቤው ለትንሹ ልጁ መጣ። የቤተሰቡን ነገር ሁሉ የሚያውቅ ሰው የጻፈው ደብዳቤ። አባት ይሄን እንዴት ይችላል? በዚያው ዓመት መጨረሻ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወጣ። ወንበሩን ጄምስ ኒልሰን ተቀበለው፣ ጋዜጣውም መስመሩን አልለቀቀም።

ያ «አቤቱታ» ያልከው የትኛው ነው? ሄቢየስ ኮርፐስ? (የሕግ ተማሪ)

አዎ፣ እሱ። በእኛ ሕግ «አካልን ነጻ የማውጣት» አቤቱታ የሚባለው። የታሰረ ሰው ፍርድ ቤት እንዲቀርብና የታሰረበት ምክንያት እንዲጠየቅ የሚቀርብ ነው። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ላይ አለ፣ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። የአርጀንቲና ዳኞች በሺህ የሚቆጠረውን ተቀብለው «እንዲህ የሚባል እስረኛ የለም» የሚል መልስ እየጻፉ ይመልሱት ነበር። ለዳኛው ከንቱ የሆነው ወረቀት ለጋዜጣው ነው የጠቀመው።

ጀግና ጀግና አታብዛ። ይሄው ጋዜጣ መፈንቅለ መንግሥቱን ደግፎ አልነበረም እንዴ? (ከመገናኛ)

ደግፏል። ጥሩ ነው ያነሳህው፣ ብዙዎች ይዘሉታል።

በ1976 መጀመሪያ ላይ አገሪቱ ተቃውሳ ነበር። የሟቹ የፔሮን ሚስት ኢዛቤል በፕሬዚዳንትነት ተቀምጣለች፣ የኑሮ ውድነቱ ሰማይ ነክቷል፣ የግራ ታጣቂዎች ነጋዴና መኮንን ያፍናሉ፣ ይገድላሉ፣ ከመንግሥት ጋር የተሳሰረ የቀኝ ገዳይ ቡድን ደግሞ በሌላ በኩል ሰው ይለቅማል። ሄራልድ እንደ ሌሎቹ ጋዜጦችና እንደ ብዙ ሰው ሁሉ ወታደር መጥቶ ሥርዓት ቢያስይዝ እፎይ እንላለን ብሎ ነበር። ቪዴላን ለዘብተኛ ነው ብሎ አመነ። ከዚያም በኋላ፣ ግድያው እየታየ እንኳ፣ ቪዴላን ከአክራሪዎቹ ጄኔራሎች ለይቶ ማየቱን ቶሎ አልተወም። እኔን ከጠየቅከኝ በዚህ በኩል ከሚገባው በላይ ቆይቷል። ኮክስም መጀመሪያ ላይ መሳሳቱን አልካደም።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሄራልድ የግራ ጋዜጣ አይደለም። የነጋዴ ጋዜጣ ነው፣ ወግ አጥባቂ። የታጣቂዎቹንም ግድያ እኩል ይጽፍ ነበር፣ ጄኔራሎቹም ሲመጡ ደግፏቸዋል። ታዲያ እንዲህ ያለ ጋዜጣ ተነስቶ «ሰው እየጠፋ ነው» ሲል «ኮሚኒስት ነው» ብሎ ማባረር አስቸጋሪ ነው። ከጎናቸው የነበረ ሰው ነው የሚናገረው። የግራው ጋዜጣ ቢጽፈው ኤምባሲዎቹ ትከሻቸውን ነቅንቀው ያልፉት ይሆናል። የሄራልድን ግን ቁጭ ብለው አነበቡት።

በፎክላንድ ጦርነት ጊዜስ ምን ሆኑ? የእንግሊዝ ጋዜጣ ሆነው አርጀንቲና ውስጥ! (ከአዳማ)

ጨንቋቸዋል፣ ምን ትጠብቃለህ። አርጀንቲናና እንግሊዝ በፎክላንድ ደሴቶች ይገባኛል የተዋጉበት ጦርነት ከሚያዝያ 2 እስከ ሰኔ 14 ቀን 1982 ነበር፣ 649 የአርጀንቲናና 255 የእንግሊዝ ወታደሮች ሞተዋል። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ባንዲራ ሲያውለበልብ በጠላት ቋንቋ የሚታተም ጋዜጣ ይዞ መታየት ራሱ ፈተና ነው። ዛቻው በረታ። አልተዘጋም፣ በየቀኑ ወጣ። ብዙዎቹ አንባቢዎቹ እኮ አያታቸው ብሪታኒያዊ ይሁን እንጂ እነሱ አርጀንቲና የተወለዱ ናቸው፤ ልጃቸው ለየትኛው ወገን እንደሚዘምት ጥያቄ የለውም። አርጀንቲና መሸነፏ ወታደሮቹን ከሥልጣን ይዟቸው ሄደ፤ በ1983 መጨረሻ ምርጫ ተደርጎ የሲቪል መንግሥት ገባ። በ1985 ጄኔራሎቹ ፍርድ ቤት ሲቆሙ ኮክስ ከአሜሪካ መጥቶ መሰከረባቸው። ቪዴላ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ልጄ፣ እኛ ተማሪ ሳለን መምህራችን ኢትዮጵያን ሄራልድን ክፍል ይዞ እየገባ ጮክ ብለን እንድናነብ ያደርገን ነበር። መዝገበ ቃላት አንድ ናት፣ እሷን እየተቀባበልን። ይሄ ያንተ ሄራልድ ከእኛው ጋር ዝምድና አለው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አባቴ፣ የስም ብቻ ነው። ሄራልድ ማለት አዋጅ ነጋሪ ነው፤ ነጋሪት እያስመታ «ስማ!» የሚለው ሰውዬ። በዓለም ላይ በዚህ ስም የሚጠራው ጋዜጣ ብዛቱ!

የእርስዎ ሄራልድ የተጀመረው ሰኔ 26 ቀን 1935 ዓ.ም. ነው፣ ጣልያን ከወጣ ሁለት ዓመት ቆይቶ። ታላቅ ወንድሙ አዲስ ዘመን ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። አማርኛው ለአገሬው ሲናገር፣ እንግሊዝኛው ደግሞ «ነጻ አገር ነን» የሚለውን ለውጭ ሰው ይናገር ዘንድ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ካዘጋጁት አንዱ ዴቪድ ታልቦት የጉያና ተወላጅ ጥቁር ሰው ነበር። በኋላ ከአገራችን ሰዎች እነ ያዕቆብ ወልደማርያም ወንበሩ ላይ ተቀምጠውበታል፤ እርስዎ ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው ካነበቡት ውስጥ የእሳቸው እጅ ያለበት ሳይኖር አይቀርም።

ልዩነታቸው ባለቤቱ ላይ ነው። የእኛው ከተወለደ ጀምሮ የመንግሥት ነው፣ ንጉሡም ሆነ ደርግ ሆነ ከዚያ ወዲህ የመጣውም ያሉትን ይጽፋል። የቦነስ አይረሱ የነጋዴ ነበር፣ ነጋዴውም ደጁ ሲንኳኳ የሚጮህለት የውጭ አገር ነበረው። እነዚያ እናቶች አደባባዩን መዞር ሲጀምሩ እኛ 1969 ዓ.ም. ላይ ነበርን፣ ቀይ ሽብር ላይ። ሌላውን እርስዎ ያውቁታል።

የመምህርዎን ነገር ግን ወድጄዋለሁ። አንድ መዝገበ ቃላት ለስንት ልጅ?

ዱባይ ነው የምሠራው። እንግሊዝኛዬን ለማሻሻል ጋዜጣ አንብቢ ብለውኝ ነበር። ያ ሄራልድ አሁን አለ? እኔም ላንብበው? (ከዱባይ)

እህቴ፣ ዘግይተሻል። የወረቀቱ ሄራልድ ሐምሌ 31 ቀን 2017 ተዘግቷል፤ 141 ዓመት ሊሞላው ወር ተኩል ሲቀረው።

የገደለው ወታደር አይደለም። የእንግሊዞቹ ልጆች፣ የልጅ ልጆች ስፓኒሽ ተናጋሪ ሆኑ። ባቡሩ ከተሸጠ፣ የሥጋ ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል። የከብት ዋጋውን ስልክ ላይ ማየት ሲቻል ጠዋት ኪዮስክ የሚሄድ ጠፋ። የቻርልስተኑ ኩባንያም ሸጦ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ባለቤቶቹ የፖለቲካ ነፋስ እያዩ የሚገዙና የሚሸጡ ሆኑ። በጥቅምት 2016 ሠራተኛ ቀንሶ ሳምንታዊ ሆነ፣ ዓመት ሳይሞላው በቃው። በ2023 ስሙ በኢንተርኔት ተመልሶ ብቅ ብሎ ነበር።

በተዘጋበት ዓመት ግን ከቀድሞ ሠራተኞቹ የተወሰኑት ያሉበት «ቦነስ አይረስ ታይምስ» የሚባል ተጀምሯል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይወጣል፣ በስልክሽም ይነበባል። እንግሊዝኛው አይከብድም። ከርዕሰ አንቀጹ አትጀምሪ፣ እሱ ያሰለቻል። ከደብዳቤዎቹ ጀምሪ። ሰው ሲናደድ የሚጽፈው ቀላል ዓረፍተ ነገር ነው፣ ቃሉም ቶሎ ይያዛል። አንድ ሁለቱን ተርጉመሽ ከላክሽልኝ እዚሁ ዓምድ ላይ አወጣልሻለሁ።